ሦስት በር ያለው ዳስ

በአንድ ወቅት፣ በ1961 ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ አልወጣ ብሎ ከረመ። መስከረም ዘነበ፣ ጥቅምትም ዘነበ። ኅዳር ሲገባ ዝናቡ ቆመ፤ ጉሙ ግን ከገደሉ ውስጥ አልተነሳም። ጠዋት ይሞላል፣ ቀትር ላይ ትንሽ ይሳሳል፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይሞላል።

በዚያ ዘመን ጥላዬ የሚባል ገበሬ ነበር። አገሩ ገደል አፍ ይባላል፤ መንደሩ ከገደሉ ከንፈር ላይ ስለተቀመጠ ነው። የጥላዬ መሬት ከገደሉ ወዲህም ወዲያም ነበር። ወዲህ ምስር ይዘራል፣ ወዲያ ጤፍ። ገደሉ ጠባብ ነው፤ ክንደ ብርቱ ሰው ድንጋይ ቢወረውር ያሻግራል። በእግር ዞሮ ለመድረስ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ በመኸር ሴቶቹ ወዲህ ምስር ይነቅላሉ፤ ወንዶቹ ወዲያ ጎጆ ቀልሰው እያደሩ ጤፍ ያጭዳሉ። የሚገናኙት በድምፅ ብቻ ነው።

ጥላዬ ቃል የማያበዛ ሰው ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ቀነሰ። ሰው ሰላምታ ሲያበዛበት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይልና ወደ በሬው ይዞራል። አንዲት ልጅ አለችው፤ ደብሪቱ ትባላለች። አባቷ ያልተናገረውን ሁሉ እሷ ትናገርለታለች እያለ ጎረቤት ይስቅ ነበር። ጥላዬ ሲቆጣት አይሰማም፤ ሲያመሰግናትም አይሰማም። ምስር ነቀላ ላይ ስትቀልድ ግን አህያውን በሚጭንበት ቦታ ዘግየት ይላል።

በገደሉ ውስጥ የተናገሩት ይመለሳል። በሌላው አገር የገደል ማሚቶ ይሉታል፤ የገደል አፍ ሰዎች ግን እንደ ጎረቤት ሴት «ማሚቶ» ብቻ ብለው ይጠሯታል። አንድ ሥርዓትም አላቸው። ከገደሉ በኩል ስም ሲጠራ በመጀመሪያው አይመለስም። በሁለተኛውም አይመለስም። የሚጠራው ሰው ከሆነ ሦስተኛ ይጠራል፤ ማሚቶ ከሆነች ሰልችታ ትተዋለች። የገደል አፍ ልጅ አፉን ሲፈታ ከእናቱ ስም ቀጥሎ የሚማረው ይህን ነው።

በዚያ ዓመት ለአጨዳ ከመጡት መካከል ሦስት ጎበዞች ነበሩ። አንዱ ከጎጃም የመጣው ይግዛው ነው፤ ማር ቆራጭ ነው፣ ገመድና ገደል አይፈራም። ሁለተኛው ከወሎ የመጣው አራጋው ነው፤ አፉ ጣፋጭ ነው፣ ጨዋታው አያልቅም። ሦስተኛው ከመንዝ የመጣው ከፍያለው ነው፤ ሥራ እንጂ ወሬ አያውቅም። ሦስቱም ደብሪቱን አዩ፤ ሦስቱም በየተራቸው ሽማግሌ ላኩ። ጥላዬ ለሦስቱም ሽማግሌዎች የመለሰው አንድ ነው።

«ምስሩ ይነቀል።»

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ጉሙ ገደሉን ሞልቶ ወዲያና ወዲህ ሳይተያይ፣ ዘነቡ የምትባል የደብሪቱ ባልንጀራ ቀና ብላ ጮኸች።

«እናንተ ወዲያ ማዶዎች! ታጭዳላችሁ ወይስ ጤፉን እሹሩሩ ትላላችሁ?»

«ጤፉስ እሺ ብሎ ተኛ!» አለ የይግዛው ድምፅ ከጉሙ ውስጥ። «የማይተኛ ወዲህ በኩል ያለው አፍ ነው!»

ሴቶቹ «ኧረ ደብሪቱ፣ ነካሽ!» አሉ። ደብሪቱ ወገቧን ይዛ ቆመችና ወረወረችለት፦

«ጎጃሜ በሬውን ሲያባብል ይመሻል፣
ሚስቱን የሚያባብል ጎረቤት ይሻል?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ጥላዬ አህያው ጎን ቆሞ መጫኛውን አጠበቀ፤ የጠበቀውን ደግሞ ፈትቶ እንደገና አጠበቀ። ይግዛው አልዘገየም፦

«የገደል አፍ ቆንጆ ማር ነሽ እንዳልልሽ፣
ከገደል ነው ቤትሽ፣ ማን ወርዶ ይቁረጥሽ?»

«ማር ቆራጭ ነኝ ስትል ሰምተን ነበር፤ ለካ ማር ላሽ ነህ!» አለች ደብሪቱ።

አራጋው ጣልቃ ገባ። «ይልቅ ወሎ መጥተሽ እዪ! እኛ ዘንድ ውሃ የምትቀዳዋም እንዳንቺ ናት።»

«ታዲያ ቆንጆ ሞልቶ ከተረፈ ለሰው ጤፍ ምን አመጣህ?»

«ቆንጆማ ሞልቷል፤ አፍ ያላት ጠፋችብኝ እንጂ!»

«አፌን ብቻ ከፈለግህ ይዘኸው ሂድ፤ ሌላው እዚህ ሥራ አለበት!»

ይህንን ስትል ጥላዬ ፊቱን አጨማደደ። ለምን እንደሆነ እሱም አላወቀውም።

«መንዜውስ?» አለች ዘነቡ። «ኧረ መንዜው! ምላስህን ውርጭ መታው?»

ቆይቶ ከጉሙ ወፍራም ድምፅ መጣ። «እያጨድኩ ነው።»

«የመንዝ ሰው ድንበሩ ካልተነካ አይናገርም አሉ!»

«ንኪውና እዪ» አለ ከፍያለው። ያኔ ወዲያም ወዲህም አንድ ላይ ሳቀ።

«ወንድሞች፣ ተጠንቀቁ!» አለ ይግዛው። «የገደል አፍን ሴት ያቀፈ እግሩን ይይ ተብሏል!»

«አንተ ብቻ እቀፍ» አለች ደብሪቱ፤ «እግርህን እኔ አይልሃለሁ!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ሳቁ ከዚህም ከዚያም ቆየ፣ ሳሳ፣ አለቀ። አንዲት ሳቅ ግን ተረፈች። ከወዲህም አልነበረች፤ ከወዲያም አልነበረች። ሁሉም ከሳቀ በኋላ ብቻዋን ትንሽ ሳቀችና ዝም አለች።

ጥላዬ ሰማት። አህያውም ሰምቶ ጆሮውን አቆመ።

ከዚያ ከጉሙ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ «ደብሪቱ!» ተባለ።

ደብሪቱ የሳቅ እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች ነበር። አፏ ከሐሳቧ ቀደመ።

«ወዬ!» አለች።

ጥላዬ የያዘውን ጭነት ለቀቀው። ምስሩ መሬት ላይ ተበተነ። ደብሪቱ ያደረገችውን ያወቀችው የአባቷን ፊት ስታይ ነው። «አባዬ» ልትል አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ የወጣ ነገር ግን የለም። ጉሮሮዋን ያዘች፣ እንደገና ሞከረች፤ እንኳን ቃል፣ ትንፋሿም አልተሰማም። ከገደሉ ውስጥ ግን «ወዬ» አለ፤ ደግሞ ራቅ ብሎ «ወዬ»። ከዚያ የራሷ የደብሪቱ ድምፅ፣ ያው ሻካራ ሳቅ ያለበት ድምፅ፣ ከታች ከጉሙ ውስጥ መናገር ጀመረ።

«አራጋው! አፍ ያላት ጠፋችብኝ አልክ? ይኸው አለሁ። አገርህ አገሬ ይሁን። ላንተ ነኝ!»

ወዲያ ማዶ ያሉት ወንዶች የሆነውን አላዩም። አራጋው ማጭዱን ወደ ላይ ወርውሮ ቀለበ። «ሰማችሁ? ወዲህ ማዶ ያላችሁ፣ ሰማችሁ?»

ወዲህ ማዶ ሁሉም ሰምቷል። ሁሉም ግን የሚያየው የደብሪቱን ከንፈር ነበር። ከንፈሯ ተገጥሟል። በገደል አፍ ደግሞ በሁለት ማዶ የተሰማ ቃል በሽማግሌ ፊት እንደተነገረ ይቆጠራል።

ወንዶቹ ዞረው መጡ። ልጅቱን አዩዋት፤ ድምፅዋን ደግሞ ከገደሉ እየሰሙ ነበር። ከአጫጆቹ ብዙዎቹ ማጭዳቸውን ጠቅልለው በዚያው ቀን ወደየአገራቸው ሄዱ። የመንደሩ አዋላጅ እመት ጥሩንጎ ተጠርታ መጣች። የደብሪቱን ጉሮሮ ዳሰሰች፤ ገደሉ አፍ ላይ ቆማም ጥቂት አዳመጠች።

«እንግዲህ ስማኝ ጥላዬ» አለች። «ማሚቶ የራሷ ቃል የላትም፤ የራሷ አገርም የላትም። አሁን ቃል አግኝታለች። የሚያጫውታት ካጣች ቃሉን ይዛ በወንዙ ትወርዳለች፤ ያን ጊዜ አበቃ። አስመልሳለሁ የሚል ካለ ወርዶ የቀረውን ይስጣት።»

«ምን ነው የቀራት?»

«ነገርኩህ እኮ። አገር።»

«አገር በምን ይሰጣል?»

«እሱን እኔ አላውቅም፤ ወርዶ የመጣ የለም» አለችና ነጠላዋን ተከናንባ ሄደች።

አራጋው ገደሉ አፍ ላይ ተቀመጠ። «ቃሏ የተሰጠው ለእኔ ነው» አለ። «ስለዚህ እንዳይጠፋ የምጠብቀውም እኔ ነኝ።» ከታች ያለውን ድምፅ ማጫወት ጀመረ። የወሎን ምንጮች በየስማቸው ቆጠረላት፤ የእናቱን ቀልድ፣ የሠርግ ዘፈን፣ የገበያ ስድብ ሳይቀር ነገራት። እሷም ከታች በደብሪቱ ድምፅ ትመልሳለች፣ ትስቃለች፣ ትሰድበዋለች። ድካም ወስዶት ዝም ሲል ድምፅዋ ወደ ወንዙ መራቅ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ብድግ ብሎ ይጠራታል፤ ትመለሳለች። የሚያቀምሱትን ሲያቀምሱት በአንድ ጉንጩ እያኘከ በሌላው ይናገር ነበር። ደብሪቱ ቤት ውስጥ ተቀምጣ የራሷን ሳቅ ከገደሉ ስትሰማ ጆሮዋን በሁለት እጇ ትይዛለች። በመጨረሻ የአራጋው ጉሮሮ ተሰነጠቀ። ያ ጣፋጭ ድምፅ ጠፍቶ ሹክሹክታ ብቻ ቀረ። በሹክሹክታውም ቀጠለ።

ከፍያለው ወደ ገደሉ አልሄደም። በማግስቱ ምስሩ ውስጥ ገብቶ ከሴቶቹ ጋር አጎንብሶ መንቀል ጀመረ። በዚያ አገር ምስር የሚነቅል ወንድ ታይቶ አይታወቅም።

«መንዜው፣ ቀሚስ እንስፋልህ?» አለችው ዘነቡ።

«ባና ይሻለኛል፤ ብርድ ነው» አለ።

ደብሪቱ ያን ቀን ከቤት ወጣች። ሰው ሁሉ ይሸሻት ነበር፤ የሚያናግራትም እንደ ደንቆሮ እየጮኸ ነበር። ከፍያለው አጠገቧ ነቀለ፤ አንድ ቃል አልተናገራትም፣ እሷም እንድትናገር አልጠበቀም። ለጥላዬ ብቻ መጥቶ እንዲህ አለው፦

«አያ ጥላዬ፣ ሽማግሌ የላክሁት እሷን ብዬ ነው። ድምፅዋ ቢመጣም ባይመጣም ጥያቄዬ ያው ነው።»

በገደል አፍ ልጃገረድ መቀነቷን ፈትታ ወንድ በሰበሰበው ነዶ ላይ ካሰረች ወድጄዋለሁ ማለቷ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አይጠበቅባትም። ሊመሽ ሲል ደብሪቱ መቀነቷን ፈታች። ከፍያለው የነቀለውን ምስር አቅፋ በመቀነቷ አሰረችው። ሴቶቹ ሁሉ አዩ። ጥላዬም አየ።

አራጋው ይህን ሲሰማ ከገደሉ አፍ ሳይነሳ በሹክሹክታ «ድዳ ሆና እንድትቀርለት ይፈልጋል!» አለ። «ለመመለሷ ጣቱን አላነሳም!»

ከፍያለውም ሰማ። «እሱ የሚያጫውታት ገደል ነው» አለ፤ «እኔ አጠገቧ ነኝ።» ሌላ አልጨመረም።

ይግዛው ይህ ሁሉ ሲሆን የጠፍር ገመድ ሲያጣጥፍ ነበር። ማር ሲቆርጥ የሚይዛትን ቅል አውጥቶ ጎኑ ላይ አንጠለጠለ፤ ድብልብል ሰም በብብቱ ያዘ። ደብሪቱ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር።

«ማን ወርዶ ይቁረጥሽ ብዬሽ ነበር አይደል?» አላት። «በገዛ አፌ ገባሁበት።»

እሷ ራሷን ነቀነቀች፤ ተው ማለቷ ነው። ይግዛው ሳቀና ሄደ።

ገመዱን ጥላዬ ከጎረቤቶቹ ጋር ያዘ። አራጋው ከፊት ተቀምጦ ማሚቶ ከቦታዋ እንዳትርቅ በሹክሹክታ ያጫውታት ነበር። ይግዛው ጉሙ ውስጥ ገባ፤ መጀመሪያ እግሩ ጠፋ፣ ቀጥሎ ደረቱ፣ ቀጥሎ ራሱ። ገመዱ ሲወርድ የአንድ ሰው ክብደት ነበረው። ብዙ ከወረደ በኋላ ቀለለ። የእግር መቆሚያ አግኝቶ ይሆናል ብሎ ጥላዬ ጠበቀ። ከታች የደብሪቱ ድምፅ እንደ ጨዋታ አድርጎ አንድ ነገር ሲጠይቅ ተሰማ።

«ከየት ነህ?»

ይግዛው የመለሰውን ከላይ ያሉት አልሰሙም። የሰሙት መናገሩን ብቻ ነው፤ ቃሉ ግን ወደ ላይ አልመጣም። ገደሉም አልደገመው። እንደ ውሃ ጠጣው።

ገመዱ ሦስት ጊዜ ተነቀነቀ፤ ሳቡ ማለት ነው። ሳቡት። ሲወርድ ከነበረው ከበደ። ጥላዬ እንዲያ ያለ ክብደት ገደል የገባ በሬ ሲያወጣም አልገጠመው። ይግዛው ከጉሙ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ቅሏ አፏ በሰም ተደፍኖ በእጁ አለች፤ ውስጧ እንደ ቀፎ ይሰማል።

«ራቅ አድርጋችሁ እንዳትከፍቷት» አለ። «ደብሪቱ አፍ ላይ ይሁን።»

ደብሪቱ ቅሏን ተቀብላ ሰሙን በጥርሷ አነሳች፤ ጠጣች። ጉሮሮዋ እንደ ውሃ ሲያሳልፍ ታየ። ያን ሰዓት የቀኝ እጇ ከፍያለው በትከሻው ያኖረውን መቀነት ጫፍ ይዞ ነበር። አፏን ስትከፍት የወጣው የመጀመሪያው ቃል ግን ይህ ነው።

«አራጋው።»

ከዚያ ደነገጠች። እጇን አየች፣ አራጋውን አየች። ዞራ ከይግዛው እግር ልትወድቅ ስትል አነሳት። ልታስቀው ፈልጋ ነበር መሰለኝ እንደ ቀድሞው አደረገችው።

«አንተ ጎጃሜ! እግርህን አይልሃለሁ ያልኩህ ለዚህ ኖሯል?»

ይግዛው ማንን እንደምትጠራ ለማየት ወደ ኋላው ዞረ።

«ጎጃሜ ማን ነው?» አላት።

ደብሪቱ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። «አገርህ የት ነው?» አለች ቀስ ብላ።

ይግዛው አሰበ። «ዛፍ ነበር» አለ። «በር ላይ። ሴትዮ ቆማለች፤ ፊቷ ግን...» የእናቱ ፊት ነበር የጠፋው። እመት ጥሩንጎ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። አገር በምን እንደሚሰጥ ሁሉም ያን ጊዜ አወቀ።

ምስሩ ተነቅሎ አልቆ ነበር። ስለዚህ ሦስቱም መጥተው በጥላዬ ፊት ቆሙ።

አራጋው በሹክሹክታ ተናገረ። «በሁለት ማዶ ፊት ላንተ ነኝ ተብያለሁ። ስትመለስም የመጀመሪያ ቃሏ ስሜ ነው። እኔ ባላቆያት ይግዛው ወርዶ የሚያገኘው ባዶ ወንዝ ነበር።»

ከፍያለው እንዲህ አለ። «ቃሉን ያለችው ማሚቶ ናት። መቀነቱን ያሰረችው ደብሪቱ ናት። በገዛ እጇ፣ በቀን ብርሃን።»

ይግዛው ዘግይቶ ተናገረ። «እኔ ቃልም የለኝ፣ መቀነትም የለኝ። የምመለስበትም የለኝ። አመጣሁ፤ ይኸው ነው።»

ጥላዬ ልጁን ለብቻዋ ጠራት። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋት አያውቅም ነበርና ቃሉ ከበደው።

«አንቺስ?»

ደብሪቱ መሬት እያየች መለሰች። «አባዬ፣ ድምፄ ስትምል እኔ እዚህ ነበርሁ፣ እሷ እዚያ። ግን ድምፄ ናት። ቀድሞ በልቤ ብዬው እንደሆነ ማን ያውቃል? እጄ መቀነቱን ሲያስር ደግሞ ድምፅ አልነበረኝም። ቢኖረኝ ስቄበት እተወው ነበር ወይ? እሱንም አላውቅም። ይግዛውን ሳየው ደግሞ አገር ሁኚው ይለኛል ሆዴ። ከሦስቱ አንዱን ብጠላ ይቀለኝ ነበር።»

ዘነቡ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «እንግዲያ ሦስቱንም ትተሽ ቁጭ በያ!»

«እሱንም አስቤዋለሁ» አለች ደብሪቱ፤ ፈገግ አለች። «አንቺ አንዱን እንዳትወስጂብኝ ፈራሁ እንጂ።»

ዘነቡ ሳቀች፤ ደብሪቱም ሳቀች። ሁለቱም ሲጨርሱ ጥላዬ ጆሮውን አቅንቶ ጠበቀ። የተረፈ ሳቅ የለም።

በማለዳ ብቻውን ወደ ገደሉ ሄደ። ጉሙ እንደነበረ ነው። በዕድሜው ሙሉ በዚያ ገደል ጮኾ የማያውቅ ሰው አፉን ከፈተና «ደብሪቱ!» አለ። ምንም አልተመለሰም። «ማሚቶ!» አለ። ገደሉ የራሱን ቃል እንኳ አልመለሰለትም። ድንጋይ ወረወረ፤ ሲያርፍ አልተሰማም። ጥላዬ የገመዱን ክብደት አስታወሰ። ከይግዛው ጋር ማሚቶም ወጥታ ይሆን ብሎ አሰበ። ቤቱ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ለራሱ «በሬዎቹን ላውጣ» አለ። ከጓዳ የልጁ ድምፅ ዝቅ ብሎ «ላውጣ» አለ። ገብቶ አየ። ደብሪቱ ሽሮ እየነፋች ነበር፤ ቀና ብላ «ምን አልክ አባዬ?» አለችው። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ከዚያ ለሦስቱም በር ከፍቶ መምረጡን ለልጁ ሊተው ወሰነ። ጾሙ ተይዞ ተፈታ፤ ጥር ገባ። ጥላዬ ወደ ጫካ ወርዶ እንጨት ቆረጠና ዳስ ጣለ። አንዱን በር ወደ ዓባይ መንገድ አወጣ። አንዱን በር ወደ ወሎ መንገድ አወጣ። አንዱን በር ወደ መንዝ መንገድ አወጣ። ማንም በሩ ጠበበብኝ እንዳይል ሦስቱንም በገዛ ክንዱ ለክቶ እኩል አደረጋቸው።

«አያ ጥላዬ፣ ዳስ ሦስት በር አለው እንዴ?» አሉት ጎረቤቶቹ።

«አሁን አለው» አለ።

የሠርጉ ቀን ሦስቱ ጎበዞች እያንዳንዳቸው በአንድ በር ቆሙ። ይግዛው በሩ ላይ ሆኖ መንገዱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«አያ ጥላዬ፣ ይኼ ወዴት ይወስዳል?»

«ወደ አገርህ።»

«በምን ያውቃሉ?»

«ስትመጣ አይቼሃለሁ።»

ደብሪቱ ከዳሱ መሃል ተቀምጣለች። መቀነቱ የከፍያለው ወገብ ላይ ነው። አራጋው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚል የሚሰማው ግን የለም። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ እስከ ዳሱ ግድግዳ መጥቷል። ዘፋኞቹ ዝም አሉ። ጥላዬ ልጁ ፊት ቆመና በአገሩ ሥርዓት ጠራት።

«ደብሪቱ!»

አልመለሰችም።

«ደብሪቱ!»

አልመለሰችም። ዓይኗ ግን ዓይኑ ላይ ነበር።

«ደብሪቱ!»

«አቤት፣ አባዬ» አለችና ተነሳች። ጥላዬ ከዚያን ቀን በፊት ያልታየበትን አደረገ፤ አለቀሰ። ከኅዳር ጀምሮ ዝም ብሎ የነበረው ገደልም፣ ከሩቅ፣ ከሁሉም በኋላ፣ «አባዬ» አለ።

ጥላዬ እንባውን ጠርጎ ከመንገዷ ዞር አለላት።

እንግዲህ እናንተ ሰሚዎች፣ ጎጃም ነኝ የምትሉ፣ ወሎ ነኝ የምትሉ፣ መንዝ ነኝ የምትሉ፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ አገራችሁን ለጊዜው ከዳሱ ውጪ አቁሙና ፍረዱ። ቃሏን የያዘው አለ፣ መቀነቷን የያዘው አለ፣ አገሩን የሰጠላትም አለ። ለማን ይገባል? ደብሪቱ በየትኛው በር ትውጣ?